ማኅደሩን ከኢአርፒው ጋር ስናገናኝ የከፈትነው በር

ስልኬ የጠራው ቀትር ላይ ነው። ድሬ ላይ በዚያ ሙቀት የሚደውል ሰው የቸገረው ብቻ ነው። የመጋዘናችን ስቶር ኪፐር ነበር። «አቦ ቶሎ ና፣ ማየት የሌለብኝን ነገር እያየሁ ነው» አለኝ። ስደርስ ኮምፒውተሩ ላይ የድርጅቱ ሠራተኛ ሁሉ የደመወዝ ዝርዝር ተዘርግቷል። ስም፣ የተጣራ ደመወዝ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ማን ስንት ብድር እንዳለበት፣ ምንም የቀረ የለም።

ሰውዬው ምንም አልሰበረም። አንድ የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ፈልጎ የሰነዱን ቁጥር የብራውዘሩ አድራሻ ላይ በእጁ ሲጽፍ የመጨረሻዋን አሃዝ ተሳሳተ። በቃ። ሲስተሙም ማን ነህ ሳይል የተባለውን አወጣለት። ይሄን በር የከፈትነው እኛ ነን። የሰነድ ማኅደሩን ከኢአርፒው (የድርጅቱን ግዢ፣ መጋዘንና ሒሳብ በአንድ ከሚይዘው ሲስተም) ጋር ስናገናኝ፣ እኔ እዚያው ቆሜ ሥራውን ስረከብ ክፍት ነበር፣ አላየሁትም። ተመሳሳይ ሥራ የጀመራችሁ ወይም ልትጀምሩ ያሰባችሁ ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ የደረሰብንን ልጻፍላችሁ።

የምሠራው አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነው፣ የሲስተም ሠራተኛ ነኝ። ዕቃችን የሚራገፈው ጅቡቲ ወደብ ነው። አንድ ጭነት ስንት ወረቀት እንደሚያስከትል በሥራው ያለ ያውቀዋል፦ ፕሮፎርማ፣ የባንክ ፈቃድ፣ ኤልሲ፣ ኮሜርሻል ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ ቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ የስሪት አገር ምስክር ወረቀት፣ ዲክላራሲዮን፣ የትራንዚተሩ (ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያወጣልን ሰው) ሒሳብ፣ የመኪና ኪራይ፣ መጨረሻ ላይ የመጋዘን ገቢ። ሁሉም በክላሰር ታስሮ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ ነበር። ኦዲተር ሲመጣ የሒሳብ ክፍል ኃላፊያችን፣ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው፣ ሁለት ሦስት ቀን ክላሰር ሲያገላብጡ ይውላሉ።

ጋሼ፣ ባለቤቱ ማለቴ ነው፣ ሰነዱ ሁሉ ስካን ይደረግ ያሉት ግን ለኦዲተር ብለው አይደለም። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ የመጣ ጊዜ የጠፋው የሰው ሕይወት ነው፣ ከዚያ አጠገብ ስለ ወረቀት ማውራት ይከብዳል። ግን እሳቸው ያኔ የንግድ ወረቀቱ በሙሉ ጭቃ የሆነበት ጓደኛ ነበራቸው። ማን ምን እንደተበደረው ማሳየት አልቻለም። ያንን አልረሱትም።

ኢአርፒያችን ኦዱ ነው። ለሰነዱ ማኅደር አልፍሬስኮ የሚባለውን ፕሮግራም ተከልን። ሁለቱን የሚያገናኝ ትንሽ ፕሮግራም በመሃል ተሠራ፣ ድልድይ እንበለው። እትዬ ኦዱ ላይ የግዢ ትእዛዙን ሲከፍቱ ጎኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ ይጫናሉ፣ ድልድዩ ከማኅደሩ ስካኑን አምጥቶ ያሳያቸዋል። በጣም ደስ አለን። ሁለት ቀን የሚፈጀው ፍለጋ ሁለት ደቂቃ ሆነ።

ስህተቱ የት ነበር? ኦዱ ማን ምን ማየት እንዳለበት ያውቃል። አልፍሬስኮም ያውቃል። ድልድዩ ግን አልፍሬስኮ ውስጥ የሚገባው ሁሉን ማየት በሚችል የአስተዳዳሪ አካውንት ነበር፣ በአድሚን። ስለዚህ ስቶር ኪፐሩ ሲጠይቅ ማኅደሩ የሚታየው ስቶር ኪፐሩ አይደለም፣ አድሚን ነው። ጥበቃው፣ ጸሐፊዋ፣ እትዬ፣ ሁሉም ድልድዩን ሲሻገሩ አድሚን ሆነው ነው የሚደርሱት። ድልድዩ ደግሞ የሚጠይቀው ተከታታይ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን የሰጠው ሁሉ ሰነዱን ያገኛል።

ይሄ የኛ ብቻ ጉድ አይደለም። ኦዋስፕ የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የድረ ገጽ ፕሮግራሞች አደጋ ዝርዝር ላይ አንደኛ ያደረገው ይሄንኑ የፈቃድ ቁጥጥር መበላሸት ነው። ሁለቱ ሲስተሞች ለየብቻቸው ሲፈተሹ ምንም አይገኝባቸውም። ስለዚህ ስትፈትሹ መሃሉን ፈትሹ። ለሻጩም ለሠሪውም የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ድልድዩ ማኅደሩ ውስጥ የሚገባው በማን ስም ነው?» ይሁን። መልሱ «በአድሚን» ከሆነ ርክክቡን አትፈርሙ።

በዚያው ቀን ድልድዩን ዘጋሁት። ጩኸት ነበር፣ ምክንያቱም ጉምሩክ ላይ የቆመ ጭነት ነበረን፣ ሰነዱን ካላወጣን በየቀኑ ክፍያ ይቆጥራል። የደመወዙን ፎልደር ከማኅደሩ አውጥቼ ለብቻው አስቀመጥኩት፣ የጭነቱን ሰነዶች በእጄ እያወጣሁ ለሚመለከታቸው ሰጠሁ። አራት ቀን እንደዚያ ቆየን።

ፕሮግራሙን የሠራው ልጅ ጥሩ ልጅ ነው፣ ሲሰማ ደነገጠ። መጀመሪያ ያመጣው መፍትሔ ተከታታይ ቁጥሩን በማይገመት ረጅም ኮድ መተካት ነበር። መደረግ ያለበት ነው፣ አደረግነውም። ግን እሱ ብቻውን አይበቃም። የኛን አገር አሠራር አስቡት። ትራንዚተሩ «ሊንኩን በቴሌግራም ላክልኝ» ይላል። የኛ ሠራተኛ ይልካል። ትራንዚተሩ ለረዳቱ፣ ረዳቱ ለሾፌሩ፣ ከዚያ የሆነ ግሩፕ ውስጥ ይገባል። ኮዱ የቱንም ያህል ቢረዝም ሊንኩን የያዘ ሁሉ ከፋች ከሆነ ዋጋ የለውም።

ስለዚህ አሠራሩን ከሥሩ ቀየርነው። አሁን ሰው ሰነድ ሲጠይቅ ድልድዩ መጀመሪያ ወደ ኦዱ ይመለስና «ይሄ ሰው ይሄን የግዢ ትእዛዝ ማየት ይችላል?» ብሎ ይጠይቃል። ኦዱ አይችልም ካለ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ይችላል ካለ ብቻ ድልድዩ በዚያ ሰው ስም የተፈረመ፣ 5 ደቂቃ የሚቆይ ሊንክ ይሰጠዋል። ከ5 ደቂቃ በኋላ ቴሌግራም ላይ ቢገኝም የሞተ ነው። ኦዱ ራሱ ውስጡ ለሚቀመጡ አባሪዎች የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው፣ አባሪው የተያያዘበትን መዝገብ ማየት የማይችል ሰው አባሪውንም አያይም። እኛ ሰነዱን ወደ ውጭ ስናወጣ ያንን ጥበቃ ጥለነው ወጥተን ነበር።

የድልድዩን አካውንት ደግሞ ከአድሚንነት አወረድነው። የግዢና የመጋዘን ፎልደሮችን ማንበብና አዲስ ሰነድ መጨመር ይችላል፣ መሰረዝ ግን አይችልም። ደመወዝና የሠራተኛ ፋይል በእሱ በኩል ጭራሽ አይደረስም። የይለፍ ቃሉ ፕሮግራሙ ውስጥ በግልጽ ተጽፎ ነበር፣ ያን ፕሮግራም ኮፒ ያደረገ ሁሉ ይዞት ሄዷል ማለት ነው። አወጣነው፣ ቀየርነው። ማኅደሩም ከድልድዩ ኮምፒውተር በቀር ከሌላ ቦታ ጥያቄ እንዳይቀበል በፋየርዎል ዘጋነው። በሁለቱ መሃል የሚሄደውም ቲኤልኤስ በሚባለው ዘዴ ተመስጥሮ ነው። «አንድ ቢሮ ውስጥ ናቸው፣ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። እኛ ቢሮ ዋይፋዩን እንግዳም ይጠቀምበታል፣ ያ ይበቃኛል።

መግቢያውንም አንድ አደረግን፣ ኪክሎክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም። አንድ ሠራተኛ ሲለቅ አንድ ቦታ ላይ ይዘጋል፣ ሁለቱም ጋ ይዘጋል። ከዚያ በፊት ኦዱ ላይ ተዘግተው ማኅደሩ ላይ ያልተዘጉ የለቀቁ ሰዎች አካውንቶች አገኘሁ። ዝርዝሩን ዛሬውኑ አውጥታችሁ ከሠራተኛ አስተዳደሩ ጋር አመሳክሩት፣ ግማሽ ቀን አይፈጅም።

ስቶር ኪፐሩን አንድ ነገር ለመንኩት። በየወሩ የፈለገውን ቁጥር እየቀያየረ፣ የሌላ ሰው ሊንክ እየተቀበለ እንዲሞክርልኝ። ጋሼም ፈቀዱ፣ በጽሑፍ። የመጀመሪያ ቀን ዝም ማለት የሚችል ሰው ዝም አላለም፣ ከዚህ በላይ የሚታመን ፈታሽ ከየት አመጣለሁ?

ሌላው ያስደነገጠኝ ነገር ሌብነት እንኳ አልነበረም። አንድ ኢንቮይስ እትዬ አይተው አጽድቀዋል። ከዚያ የግዢ ክፍሉ ልጅ «ስካኑ ደብዛዛ ነው» ብሎ የጠራ ኮፒ በላዩ ጫነበት። የጫነው ግን ሻጩ በኋላ ያሻሻለውን ኢንቮይስ ነበር፣ ዋጋው ይለያል። ክፍያው ሊወጣ ሲል ኦዱ ላይ ያለው ቁጥርና ሰነዱ ላይ ያለው ቁጥር አልተገናኙም። እትዬ «እኔ ያየሁት ይሄን አይደለም» አሉ፣ ልጁም «ይሄው ነው» አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አሁን አንድ ሰነድ ሲጸድቅ ኦዱ የሰነዱን የሻ-256 አሻራ፣ ከፋይሉ ይዘት የምትሰላ 64 ፊደልና ቁጥር የሆነች መስመር፣ አብሮ ይመዘግባል። ሰነዱ ላይ አንዲት ነገር ብትቀየር አሻራው ሌላ ይሆናል። ክፍያ ከመውጣቱ በፊት ይነጻጸራሉ፣ ካልገጠመ ክፍያው ይቆማል፣ እንደገና ይጸድቃል። በኢሜይል የሻጩን ባንክ ሒሳብ ቀይረው ኢንቮይስ የሚልኩ አጭበርባሪዎች መኖራቸውን ለምታውቁ ጥቅሙን መንገር አያሻኝም።

መብራቱስ? መብራት የሚሄደው ሰነድ ግማሽ መንገድ ላይ እያለ ነው። ድልድዩ ሰነዱን ለማኅደሩ ሰጥቷል፣ «ተቀብያለሁ» የሚለው መልስ ሳይመጣ መብራት ጠፋ። መብራት ሲመጣ እንደገና ላከው። አንድ ኢንቮይስ ሁለት ሆኖ ተመዘገበ፣ ሁለት የክፍያ ማዘዣም ወጣበት። እትዬ በዓይናቸው ያዙት እንጂ ሲስተሙ አላወቀም። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ መላኪያ የራሱ መለያ አለው፣ ማኅደሩ ያንን መለያ አንዴ ካየ ለሁለተኛ ጊዜ አይመዘግብም፣ የድሮውን መልስ ብቻ ይመልሳል። ያልተላከው ደግሞ ዲስክ ላይ ወረፋ ይይዛል እንጂ አይጠፋም። የሻጩ ቲን፣ የኢንቮይሱ ቁጥርና የገንዘቡ መጠን ሦስቱም ከተመሳሰሉ ኦዱ ሰውን ይጠይቃል። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ገዝተናል፣ ግን ዩፒኤስ ይህንን አይፈታም።

ከመብራቱ ጋር የመጣ ሌላም አለ። አንድ ሰኞ ጠዋት ማንም ሰነድ መክፈት አቃተው። ሊንኩ ሁሉ «ጊዜው አልፏል» ይላል። ሰዓታት ፈጀብኝ። የድልድዩ ኮምፒውተር ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሿ ክብ ባትሪ ሞታለች፣ ቅዳሜና እሁድ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ሄዷል። ድልድዩ የሚፈርመው ሊንክ ገና ሲወለድ ያረጀ ነበር። ይሄኛው ሥራ ነው ያቆመው። የሚብሰው ተቃራኒው ነው፣ የማኅደሩ ሰዓት ወደ ኋላ ቢሄድ የሞቱት ሊንኮች ሁሉ ይነሳሉ። ባትሪዋን ቀየርን፣ ሁሉም ኮምፒውተሮች ሰዓታቸውን ከአንድ ቦታ እንዲወስዱ አደረግን፣ ልዩነቱ ከአንድ ደቂቃ ካለፈ ለስልኬ መልእክት ይመጣል።

ባክአፕ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ሌት እንቅልፍ ያሳጣኝ እሱ ነው። ባክአፕ ነበረን። በየሌሊቱ ይወሰዳል፣ በየጠዋቱ «ተሳክቷል» የሚል መልእክት ይመጣል። አንድ ቀን ባዶ ኮምፒውተር ላይ መልሼ ልሞክረው ብዬ ኦዱን አነሳሁት። ተነሳ። አንድ ግዢ ከፍቼ አባሪውን ስጫን ባዶ ነው። ሌላ ከፈትኩ፣ ባዶ። ለካ ባክአፑ የሚወስደው የፖስትግሬስ ዳታቤዙን ብቻ ነው። ኦዱ አባሪ ፋይሎችን የሚያስቀምጠው ዳታቤዙ ውስጥ ሳይሆን ፋይልስቶር በሚባል ሌላ ፎልደር ነው። አልፍሬስኮም እንደዚያው፣ መረጃው ዳታቤዝ ውስጥ፣ ሰነዱ ራሱ ዲስክ ላይ። የሰነዶቹን ስም አስቀምጠን ሰነዶቹን ራሳቸውን ትተን ነበር።

ያን አስተካክለን ሁለተኛው ችግር መጣ። ማኅደሩ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይወሰዳል፣ ኦዱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። በመሃል ማን ይሠራል? የድሮ ክላሰር ስካን የሚያደርጉ ልጆች ነበሩን፣ ሙቀቱን ሽሽት ሌሊት ነበር የሚሠሩት። በ6 እና በ9 መሃል ያስገቡት ሁሉ ኦዱ ባክአፕ ላይ «ሰነድ አለው» ተብሎ ተመዝግቧል፣ ማኅደሩ ባክአፕ ላይ ግን የለም። መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። መጀመሪያ ኦዱ ይወሰዳል፣ ቀጥሎ የማኅደሩ ዳታቤዝ፣ መጨረሻ ላይ ፋይሎቹ። ጠቋሚው፣ ማለትም «ሰነድ አለው» የሚለው መዝገብ፣ ቀድሞ ከተወሰደ የሚጠቁመው ነገር በኋላ በሚወሰደው ውስጥ በእርግጥ አለ። በመሃል የገባ ፋይል ቢተርፍ ማንም አልጠቆመበትም፣ ጉዳት የለውም። ይሄ የሚሠራው ግን በመሃል ማንም ምንም ካልሰረዘ ነው፣ ለዚህም ነው ድልድዩን የመሰረዝ መብት የነሳነው።

አንዱ ኮፒ ከሕንፃው ውጭ ነው፣ ተመስጥሮ፣ ከኔትወርክ ተነቅሎ። እ.ኤ.አ. በ2017 ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያዳርስ በኔትወርክ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ነው የዘለለው፣ ሁልጊዜ የተሰካ ባክአፕ አብሮ ይቆለፋል። የምስጢር ቁልፉ በታሸገ ፖስታ ጋሼ ካዝና ውስጥ ነው። እኔ ብታመም ሥራው መቆም የለበትም።

ሌላ አገር ያሉ ጽሑፎች የማይነግሯችሁ የኛው ነገር አለ፣ ዘመን አቆጣጠር። ማኅደሩ ላይ ያረጀ ሰነድ በራሱ እንዲሰረዝ ደንብ ተሰጥቶት ነበር። ኦዱ የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ነው። የአገር ውስጥ ሻጭ ደረሰኝ ላይ ጥር 2015 ይላል፣ ልጁም እንዳየው 2015 ብሎ ያስገባል። ለማኅደሩ ያ ትኩስ ሰነድ 8 ዓመት ያለፈው ነው። ሊሰረዙ ወረፋ ከያዙት ውስጥ የዚያው ዓመት ደረሰኞች አገኘሁ፣ ገና የግብር ሒሳባቸው ያልተዘጋ። ራሱ የሚሰርዘውን አጠፋነው። አሁን ሊሰረዝ የሚገባው ዝርዝር ለእትዬ ይቀርባል፣ እሳቸውና ሌላ አንድ ሰው ካልፈረሙ አይነካም። ቀን ማስገቢያውም ላይ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መምረጥ ግዴታ ነው።

ፊደሉም እንደዚሁ። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ይጽፋል፣ አንዱ «ጸሀይ»። ለኛ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት ሻጭ ነው፣ ሁለት ፎልደር ይከፍታል፣ አንዱ ፎልደር ላይ የተዘጋ ፈቃድ ሌላው ላይ ክፍት ይቀራል። ስለዚህ ፎልደር በስም አንከፍትም፣ 10 አሃዝ ባለው ቲን ነው። ስሙ ለሰው ንባብ ብቻ ነው፣ ፍለጋ ላይም ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ እንዲያይ አድርገነዋል።

ስለ ሕጉ ባጭሩ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሠራተኛ ደመወዝና የባንክ ሒሳብ በግዴለሽነት ክፍት መተው ከእንግዲህ የቢሮ ውስጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዚያ ቀትር ያየሁትን ለጋሼ ስነግር ያልደበቅኩት ለዚህም ነው፣ ከሁሉም በላይ ግን ዝርዝሩ ላይ ያሉት ሰዎች የማወቅ መብት ስላላቸው ነው። ሠራተኛውን ሰብስበው ነገሩት። ስቶር ኪፐሩንም በሰው ፊት አመሰገኑት።

ሥራው አላለቀም። ድልድዩ በአድሚን ስም ይሠራ በነበረ ጊዜ የገቡት ሰነዶች ሁሉ ባለቤታቸው «አድሚን» ተብሎ ነው የተመዘገበው፣ የማን እንደነበሩ አንድ በአንድ እያየን እንመልሳለን። ከ2012 ወዲህ ያለውን ጨርሰናል። ከዚያ በፊት ያለው ለሁሉም ዝግ ነው፣ የፈለገ ሰው ለእትዬ ይጠይቃል፣ እሳቸው መደርደሪያው ላይ ካለው ክላሰር አውጥተው ይሰጡታል።